ሌይአውትን ወደ ሞዴል ስፔስ ማውጣት፦ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የአርክቴክቸር ድሮዊንግ ነው፤ በኦቶካድ (የስዕል ሶፍትዌር) የተሠራ። ሺቶቹ በሙሉ ኤ1 ላይ፣ በሌይአውት (ለሕትመት የሚዘጋጀው የወረቀት ገጽ፣ ቦታው ፔፐር ስፔስ ይባላል) ተዘጋጅተዋል። ተቀባዩ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ግን ሌይአውት አያነብም። የሚያየው ሞዴል ስፔስን፣ ማለትም ሕንፃው በእውነተኛ መጠኑ የሚሳልበትን ቦታ ብቻ ነው። ፋይሉን ሲከፍተው ታይትል ብሎክ (የሺቱ የመረጃ ሳጥን) የለም፣ የሺት ቁጥር የለም፣ ኖት የለም። ፕላኑን አንድ ጥግ፣ ኤሌቬሽኑን ሌላ ጥግ፣ ዲቴሎቹን ደግሞ ራቅ ብለው ተበትነው ያገኛቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሺት ለብቻው ፋይል ይሁንልኝ፣ ሁሉም ነገር ሞዴል ውስጥ ይግባልኝ አለ።

ፒዲኤፍ አይበቃህም ወይ አልኩት። አይበቃውም። መስመር መምረጥ፣ ሌየር (ስዕሉ በዓይነት የተከፋፈለበትን ንብርብር) ማጥፋት፣ ርቀት መለካት ይፈልጋል። ርቀት መለካት የሚለውን ልብ በሉ፤ አብዛኛው ጣጣ የመጣው ከእሱ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ

ቀጥተኛው መንገድ ይሄ ነው። ሌይአውት ታቡ ላይ ራይት ክሊክ ስታደርጉ «ኤክስፖርት ሌይአውት ቱ ሞዴል» የሚል ምርጫ ይመጣል። ኮማንድ መጻፍ የሚቀናው ሰው ኤክስፖርትሌይአውት ብሎ አንድ ላይ አጣብቆ ይጽፈዋል። ሞዴል ታብ ላይ ሆናችሁ አይሠራም። መጀመሪያ የሚወጣው ሌይአውት ላይ መቆም አለባችሁ። የፋይል ስም ይጠይቃል፤ እሱ ራሱ የሚያቀርበው የፋይሉንና የሌይአውቱን ስም አያይዞ ነው። ሲጨርስ አዲሱን ፋይል አሁን ልክፈተው ወይ ይላል። ኦሪጅናሉን አይነካውም፤ ይሄ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ እንደልብ ለመሞከር ነፃነት ይሰጣል።

የመጀመሪያ ፎቅ ፕላኑን አወጣሁት። ስከፍተው ቁርጥ ሺቱን ነው። ፍሬሙ አለ፣ ኖቱ አለ፣ ቪውፖርቱ (ሞዴሉ ሌይአውቱ ላይ የሚታይበት መስኮት) ውስጥ የነበረው ፕላን ቦታው ላይ አለ። ከቪውፖርቱ ውጭ የቀረው የሞዴሉ ክፍል ተቆርጦ ቀርቷል። ሥራው አለቀ የሚያስብል ውጤት ነበር።

ከዚያ ለካሁት። ፍሬሙ 841 በ594 ነው። በሞዴሉ 5000 ሚሊሜትር የነበረው ግድግዳ ግን 50 ሆኗል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፔፐር ስፔስ ላይ ወረቀቱ በእውነተኛ መጠኑ ነው የሚቀመጠው፣ 1:1። ሕንፃው ደግሞ በቪውፖርቱ በኩል 100 ጊዜ አንሶ ይታያል። ኮማንዱ የሚያደርገው የታየውን ነገር እንደታየው ወስዶ ሞዴል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ የወጣው ፋይል ሕንፃው አይደለም፣ የሺቱ ኮፒ ነው። ከሕትመት የሚለየው መስመሩን በማውዝ መያዝ በመቻሉ ብቻ ነው። ይሄን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

ስኬል

አንድ ስኬል ብቻ ያለው ሺት ቀላል ነው። የወጣውን ፋይል ከፍቶ ሁሉንም መምረጥ፣ ስኬል ኮማንድ፣ ቤዝ ፖይንት 0,0፣ መጠን 100። ፍሬሙ 84100 በ59400 ይሆናል፣ ግድግዳው ወደ 5000 ይመለሳል። ተቀባዩ ሲለካ ትክክለኛ ቁጥር ያገኛል።

ሁለት ነገሮች ግን ከኋላው ይከተላሉ። አንደኛው ዳይሜንሽን (ስዕሉ ላይ የሚጻፈው ልኬት) ነው። አንድ ዳይሜንሽን የሚያሳየው የለካውን ርቀት ሳይሆን የለካውን ርቀት በሊኒየር ስኬሉ አባዝቶ ነው። ዳይሜንሽኑን መርጣችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ዲም ስኬል ሊኒየር» የሚለውን እዩ። እዚያ 100 ካለ፣ ግድግዳው 50 ሆኖ ሳለ ዳይሜንሽኑ 5000 ያነባል ማለት ነው። በዚህ ላይ ፋይሉን 100 ጊዜ ስታሳድጉት ንባቡ 500000 ይሆናል። ስለዚህ ካሳደጋችሁ በኋላ ዋጋውን ወደ 1 መልሱት። ዳይሜንሽኖቹን በሙሉ በአንዴ መርጦ መለወጥ ይቻላል፣ ግን የተለያየ ዋጋ ያላቸው ከተቀላቀሉ ፕሮፐርቲስ «ቬሪስ» ይላችኋል። እንደዚያ ካለ አትቸኩሉ፣ ለያይታችሁ እዩዋቸው።

ሁለተኛው የተቆራረጠ መስመር ነው። የግሪድ መስመሮቹና የተደበቁ ጠርዞች ከስኬል በኋላ ድፍን መስመር መሰሉ። ስኬል ኮማንድ ዕቃውን እንጂ የመስመሩን ቁርጥራጭ አያሳድግም። ኤልቲስኬልን (የቁርጥራጮቹን መጠን የሚወስነውን ቅንብር) ከ1 ወደ 100 አድርጌ ሬጀን ስለው፣ ማለትም ስዕሉን ስክሪን ላይ ሳሳድሰው ተመለሰ። ኦሪጅናሉ ላይ ፒኤስኤልቲስኬል (ቁርጥራጩ በወረቀት ልክ እንዲታይ የሚያደርገው ቅንብር) 1 ስለነበር ነው ሒሳቡ እንዲህ ቀጥ ያለው። 0 በሆነበት ፋይል ላይ ቁጥሩን መጀመሪያ ሌይአውቱ ላይ ከሚታየው ጋር አስተያይቶ ማግኘት ያስፈልጋል።

የደረጃው ሺት

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፣ መውሰዱም ተገቢ ነው።

ሺቱ ላይ በግራ በኩል የደረጃው ፕላን አለ፣ 1:100። በቀኝ በኩል የዚያው ደረጃ ዲቴል፣ 1:20። ሁለቱም የሚያሳዩት ያንኑ መርገጫ ነው፣ ስፋቱ 300 ሚሊሜትር። ሺቱ ሲወጣ በግራ ያለው መርገጫ 3 ይለካል፣ በቀኝ ያለው 15። በ100 ላሳድገው ብል የግራው 300 ይሆንና ትክክል ይመጣል፣ የቀኙ ግን 1500 ይሆናል። በ20 ላሳድገው ብል ደግሞ የቀኙ 300፣ የግራው 60። በአንድ ቁጥር ሁለቱን ማዳን አይቻልም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሳላሳድግ መተውና ከእያንዳንዱ ስዕል ሥር «ለመለካት በ20 አባዛ» የሚል ጽሑፍ ማስገባት ነበር። ይሠራል፣ ግን አልወደድኩትም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ይረሳዋል፤ ለብረት ወይም ለእንጨት ቁርጥ የተሳሳተ ቁጥር ይወጣል። ቀጥሎ የወጣው ፋይል ውስጥ ዲቴሉን ብቻ መርጬ 5 ጊዜ አሳነስኩት፣ ከዚያ ሁሉንም በ100 አሳደግኩት። ልኬቱ ትክክል መጣ። ነገር ግን ዲቴሉ ቦታው ላይ ትንሽ ሆኖ ቀረ፣ ጽሑፉ የማይነበብ ሆነ፣ ዳይሜንሽኖቹን ደግሞ ለብቻ ማስተካከል ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ያስጠላኝ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ድሮዊንጉ በተሻሻለ ቁጥር ይሄ ሁሉ የእጅ ሥራ ከመጀመሪያው ሊደገም ነው።

ለዚህ ሥራ ያወጣሁት ሕግ ከዚያ የመጣ ነው፦ የወጣው ፋይል ላይ በእጅ የሚስተካከል ነገር አይኖርም። ማስተካከያው በሙሉ ኦሪጅናሉ ላይ ይሠራል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል።

ስለዚህ ወደ ኦሪጅናሉ ተመለስኩ። ሌይአውቱን ራይት ክሊክ፣ «ሙቭ ኦር ኮፒ»፣ ኮፒ የሚለውን ምልክት አድርጎ አንድ ቅጂ መፍጠር። በአንደኛው ላይ የዲቴሉን ቪውፖርት አጠፋሁ፣ በሌላው ላይ የፕላኑን። አሁን እያንዳንዱ ሌይአውት አንድ ስኬል ብቻ አለው። የሌይአውቱ ስም መጨረሻ ላይ ስኬሉን ጨመርኩበት፣ 100 ወይም 20 እያልኩ። ስሙ ወደ ፋይሉ ስም ስለሚያልፍ ተቀባዩም እኔም ሳንከፍተው እናውቀዋለን። የሚታተሙትን ዋናዎቹን ሌይአውቶች አልነካኋቸውም፤ እነዚህ ለመላክ ብቻ የተሠሩ ናቸው።

ሳይት ፕላን፣ ለብቻው

ሳይት ፕላኑ በዚህ መንገድ መሄድ የለበትም። ሞዴሉ በሜትር ነው የተሠራው፣ የሰርቬይ ኮኦርዲኔት ላይ ተቀምጦ። ምሥራቁ ባለ ስድስት አሃዝ፣ ሰሜኑ ባለ ሰባት። ሌይአውቱን ስታወጡት ስዕሉ ወረቀቱ ላይ ወዳለበት ቦታ ይመጣል፣ ከዜሮ አጠገብ። ኮኦርዲኔቱ ይጠፋል። በዚህ ላይ ቪውፖርቱ ሕንፃው ቀጥ ብሎ እንዲታይ ዞሯል፣ ስለዚህ የወጣው ፋይል ሰሜኑም ከእውነተኛው የተለየ ይሆናል። ከዚህ ፋይል ላይ ማንም ሰው ነጥብ ወስዶ መሬት ላይ እንዲተክል አልፈልግም።

እዚህ የሚረዳው ሌላ ኮማንድ ነው፣ ቼንጅ ስፔስ። ሲጻፍ ሲኤችስፔስ ይባላል። ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ሞዴሉን ወደ ወረቀት አያመጣም፣ ወረቀት ላይ ያለውን ዕቃ በቪውፖርቱ በኩል ወደ ሞዴል ይወስዳል። ሲወስደው በቪውፖርቱ ስኬል ያሳድገዋል ወይም ያሳንሰዋል፣ ቪውፖርቱ ዞሮ ከሆነም ያዞረዋል። የሞዴሉ ዕቃዎች ንቅንቅ አይሉም።

በፋይሉ ቅጂ ላይ ሠራሁት። ቅጂ ማድረግ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ኮማንድ ያንቀሳቅሳል እንጂ አይቀዳም። ፔፐር ስፔስ ላይ ፍሬሙን፣ ታይትል ብሎኩንና ኖቶቹን መረጥኩ፣ ወደየትኛው ቪውፖርት እንደሚሄዱ ሲጠይቅ አክቲቭ አድርጌ ኢንተር። ፍሬሙ ሞዴሉ ላይ በሳይቱ ዙሪያ ገባ፣ ከሕንፃው ጋር እኩል ዘምሞ። ስኬሉ 1:500 ነው፣ ሞዴሉ በሜትር ነው፣ ወረቀቱ በሚሊሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ወረቀቱ ላይ 2 ሚሊሜትር ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ ፍሬሙ ሞዴሉ ላይ 420.5 በ297 ሜትር ሆነ። ለክቼ አረጋገጥኩ። ቪውፖርቱ ራሱ ፔፐር ስፔስ ላይ ይቀራል፣ ችግር የለውም።

ከዚያ የሳይቱን አንድ የወሰን ድንጋይ አይዲ በሚለው ኮማንድ ነካሁት። ኮኦርዲኔቱ ከሰርቬይ ዝርዝሩ ጋር ያው ነው። ይሄኛው ፋይል ላይ ተማምኖ መሥራት ይቻላል።

ሁሉንም ሺት በሲኤችስፔስ ለምን አልሠራሁትም? አንደኛ፣ ቪውፖርቱ የሚደብቀውን ነገር እሱ አይደብቅም፤ ከፍሬሙ ውጭ ያለው የሞዴሉ ክፍል ሁሉ እንዳለ ይቆያል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ሺት በእጅ መምረጥ ይፈልጋል። ለአንድ ሳይት ፕላን ተገቢ ነው፣ ለሙሉ ስብስብ ግን አይሆንም።

ኤክስሬፍ፣ ሌየርና ቪውፖርት ፍሬም

ኦሪጅናሉ ላይ የግሪዱና የስትራክቸሩ ፋይሎች በኤክስሬፍ (ከውጭ እንደተገናኘ ሌላ ፋይል) ነው የተያያዙት። ከማውጣቴ በፊት በቅጂው ላይ ባይንድ አደረግኳቸው፣ ማለትም የፋይሉ አካል አደረግኳቸው። ሁለት ዓይነት ባይንድ አለ። «ባይንድ» የሚለውን ከመረጣችሁ የሌየሩ ስም መጀመሪያ ላይ የኤክስሬፉ ስምና የዶላር ምልክት ከዜሮ ጋር ይጣበቅበታል። «ኢንሰርት» ከመረጣችሁ ስሙ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ተቀባዩ ሌየር በስም ስለሚያጠፋ ኢንሰርትን መረጥኩ። አደጋው ግን አለ፦ ሁለት ፋይሎች አንድ ዓይነት የሌየር ስም በተለያየ ቀለም ቢይዙ ዋናው ፋይል ያሸንፋል። ያላየሁት ለውጥ እንዳይኖር አንድ ሺት ከባይንድ በፊትና በኋላ አትሜ አስተያየሁ።

በቪውፖርት ብቻ ፍሪዝ የተደረጉ (እዚያ መስኮት ላይ እንዳይታዩ የተደረጉ) ሌየሮችን መፈተሽም ያስፈልጋል። ኮማንዱ የሚታየውን ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ በሪፍሌክትድ ሲሊንግ ፕላኑ (የኮርኒስ ፕላን) ቪውፖርት ላይ ፈርኒቸሩ ፍሪዝ ከሆነ የወጣው ፋይል ውስጥ ፈርኒቸር የለም። ሌየሩን ብታበሩትም አይመጣም። ይሄን ለተቀባዩ ቀድሜ ነገርኩት፣ አለበለዚያ ጎደለ ብሎ ይመለሳል።

የቪውፖርቱ ፍሬም ደግሞ ስክሪን ላይ የሚታይ ከሆነ ይዞት እንዳይወጣ ሌየሩን ማጥፋት ይሻላል። ማጥፋት ስል ኦፍ ማለቴ ነው። ፍሪዝ አታድርጉት። አራት ማዕዘን የሆነ ቪውፖርት ላይ ልዩነት የለውም፣ ግን በፖሊላይን የተከረከመ ብዙ ማዕዘን ያለው ቪውፖርት ላይ የድንበሩን ሌየር ፍሪዝ ካደረጋችሁት ክርከማው ይጠፋና ከድንበሩ ውጭ ያለው ሁሉ ይታያል። ለቤዝመንቱ ሺት ይሄ ወሳኝ ነበር፣ ቪውፖርቱ የኤል ቅርጽ ስላለው።

ጽሑፍ፣ ፊልድና ጠርዝ ላይ ያሉ ነገሮች

አኖቴቲቭ (መጠኑን እንደ ስኬሉ የሚያስተካክል) የነበረ ጽሑፍና ዳይሜንሽን ሲወጣ አኖቴቲቭነቱን ያጣል። ለመላክ ችግር የለውም፤ የሚፈለገው በዚያ ሺት ስኬል የሚታየው መጠን ነው። ነገር ግን ያንን ፋይል መልሶ ወስዶ በሌላ ስኬል ልሥራበት የሚል ሰው ካለ ንገሩት።

ታይትል ብሎኩ ውስጥ የፋይል ስም በፊልድ ነው የገባው። ፊልድ ደግሞ ፋይል ሲከፈትና ሲቀመጥ ራሱን ያድሳል። የፋይሉ ስም ሲቀየር ታይትል ብሎኩም ላይ ሊቀየር ነው፣ የሺት ሴት (የሺቶች ስብስብ) ፊልዶች ደግሞ መረጃቸውን ካላገኙ በምልክት ተሞልተው ይቀራሉ። ስለዚህ በቅጂው ላይ ፊልዶቹን ወደ ተራ ጽሑፍ ቀየርኳቸው። ጽሑፉ ላይ ዳብል ክሊክ፣ ፊልዱን ራይት ክሊክ፣ «ኮንቨርት ፊልድ ቱ ቴክስት»።

ቪውፖርቱ ጠርዝ ላይ የሚቆረጡ ነገሮችን በዓይን ማየት ነው እንጂ አቋራጭ የለውም። የግሪድ ክብ፣ ሀች (የመሙያ ጭረት)፣ ግማሹ ከውጭ ያለ የበር ብሎክ። እነዚህ በዋናው ሌይአውት ላይ የማያስቸግሩ ነገሮች ናቸው፣ ቪውፖርቱ እንዳለ ይከረክማቸዋል። ሲወጡ ግን ኮማንዱ በእውነት ሊቆርጣቸው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኦሪጅናሉ ላይ ቪውፖርቱን ትንሽ ሰፋ አድርጎ ሙሉ ዕቃው እንዲገባ፣ ወይም ጠበብ አድርጎ ጨርሶ እንዳይገባ ማድረግ። በሮችና መስኮቶች በብሎክ ስም የሚቆጠሩ ከሆነም ቆጠራውን በዳታ ኤክስትራክሽን ከኦሪጅናሉ ላይ ሠርቶ በሠንጠረዥ መላክ ይሻላል። የተቆረጠ ስዕል ላይ ተመሥርቶ የተቆጠረ በር አላምንም።

ሁሉንም በአንዴ

በእጅ አንድ በአንድ ማውጣት ለጥቂት ሺት ይሆናል። ለሙሉ ስብስብ፣ ያውም በየማሻሻያው፣ አይሆንም። አጭር ሊስፕ (በኦቶካድ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) ጻፍኩ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሌይአውትሊስት የሚባለው ፈንክሽን የሌይአውቶቹን ስም ይሰጣል፣ ሞዴልን አይጨምርም። ለእያንዳንዱ ስም ሲታብ የሚባለውን ቫሪያብል በመቀየር ወደዚያ ሌይአውት መሄድ፣ ሬጀን ማድረግ፣ ከዚያ ኤክስፖርትሌይአውትን ጠርቶ የፋይል ስም መስጠት። ከመጀመሩ በፊት ፋይልዳያ 0 መሆን አለበት፣ ያኔ ስሙን በመስኮት ሳይሆን ኮማንድ ላይኑ ላይ ይጠይቃል። ሲያልቅ ወደ 1 መመለስ አለበት፤ አለበለዚያ ቀጥሎ ፋይል ልክፈት ስትሉ መስኮቱ አይመጣም፣ ምን እንደሆነም ግራ ይገባችኋል።

ሌላ ነገር፣ የሌይአውት ስም ውስጥ ባዶ ቦታ አታስገቡ። በስክሪፕት ፋይል ውስጥ ባዶ ቦታ ኢንተር ማለት ነው፣ ስሙን መሀል ላይ ቆርጦ ይሄዳል። ለፋይል ስም የማይፈቀዱ እንደ ስላሽ ያሉ ምልክቶችም እንደዚሁ ይቅሩ። በሰረዝ ብቻ ሄድኩ።

ስኬሉን ለማሳደግ ሁለተኛ ስክሪፕት አለ። የወጣውን ፋይል ይከፍታል፣ ሁሉንም መርጦ ከ0,0 በተሰጠው ቁጥር ያሳድጋል፣ ኤልቲስኬልን ያስተካክላል፣ ዙም ኤክስቴንትስ ብሎ ያስቀምጣል። የ100ዎቹና የ20ዎቹ ፎልደር ለየብቻ ነው። የዳይሜንሽኑን ሊኒየር ስኬል ለጊዜው በእጅ እያየሁ ነው።

ፍተሻ

ከማሳደጌ በፊት አንድ ፍተሻ አለችኝ፣ በጣም የምወዳት። ገና የወረቀት መጠን ላይ ያለውን የወጣ ፋይል በኦሪጅናሉ ሌይአውት ላይ፣ ፔፐር ስፔስ ውስጥ፣ በኤክስሬፍ 0,0 ላይ በስኬል 1 አያይዘዋለሁ። የኤክስሬፉን ሌየሮች ቀይ አደርጋቸዋለሁ። ሁለቱ ልክ አንዱ በአንዱ ላይ ከተኛ ሁሉም ነገር በቦታው ወጥቷል ማለት ነው። ያልተሸፈነ ነገር ካለ ወዲያው ይታያል። በዚህ ነው ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ኖት አለመውጣቱን ያገኘሁት፤ በቅጂው ላይ ሌየሩ ጠፍቶ ነበር። ሲያያዝ ባልተጠበቀ መጠን ከመጣ የሁለቱን ፋይሎች ኢንስዩኒትስ (የመለኪያ አሃዱን የሚይዘውን ቅንብር) እዩ፣ አንዱ ሚሊሜትር ሌላው ሜትር ሆኖ ይሆናል። ሲጨርሱ ዲታች ማድረግ እንዳይረሳ።

ከዚያ ኦዲት (የፋይል ስህተት ፍተሻ)፣ ከዚያ ፐርጅ (ጥቅም ላይ ያልዋለውን ማስወገድ)። ኦቨርኪልን ግን በጥንቃቄ ነው የምጠቀመው። የተደራረቡ መስመሮችን ያጠፋል፣ አንዳንዴ ግን ሁለት ሌየር ላይ ሆን ተብሎ የተሳለ መስመር አለ። የሌየር ልዩነትን እንዳላየ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ምልክት አላደርግበትም።

የፋይል መጠን ይጨምራል። ባይንድ የተደረገው ነገር በእያንዳንዱ ሺት ውስጥ ይደገማል፣ ጥቅጥቅ ያለ ሀች ያለበት ኤሌቬሽን ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ከፐርጅ በኋላ በኢሜይል የሚሄድ ሆኗል።

ማሻሻያ

የመጀመሪያው ማሻሻያ መጣ፤ በሦስተኛ ፎቅ ላይ የመታጠቢያ ቤቶቹ ቦታ ተቀይሯል። ኦሪጅናሉ ተስተካከለ፣ ቅጂ ተወሰደ፣ ባይንድ፣ ሊስፑ ሄደ፣ ሁለተኛው ስክሪፕት ሄደ። የወጣው ፋይል ላይ በእጅ የተነካ ነገር ስላልነበረ የጠፋ ሥራ የለም። አሮጌውንና አዲሱን የወጣ ፋይል ከ2019 ስሪት ጀምሮ ባለው ኮምፔር አስተያየኋቸው። የተለየው የመታጠቢያ ቤቶቹ አካባቢና ታይትል ብሎኩ ላይ ያለው ቀን ብቻ ነው።

ተቀባዩ አሁን ሌየሮቹን በራሱ ስታንዳርድ ስም ይፈልጋቸዋል። ለእሱ ሌየር ትራንስሌተር አለ፣ ሌይትራንስ ብለው ሲጽፉ የሚመጣው። የስም ዝርዝሩን አንዴ አዛምዶ በፋይል ማስቀመጥና በሚቀጥለውም መጥራት ይቻላል። የእሱን ዝርዝር እየጠበቅኩ ነው፤ ሲመጣ ማዛመጃውን ኦሪጅናሉ ቅጂ ላይ፣ ከባይንድ ቀጥሎ፣ ከሊስፑ በፊት አስገባዋለሁ።